ከቀዶ ጥገናው በፊት የምጠይቀው

ሥራዬ ያለቀ የዳሌና የጉልበት መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ መተካት ነው። የተጎዳው የአጥንት ገጽ ተቆርጦ ይወጣና በቦታው ብረትና ጠንካራ ፕላስቲክ ይገጠማል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ በ1962 እ.ኤ.አ. ፖሊኢትሊን የተባለውን ፕላስቲክ ለዳሌ መጠቀም ከጀመሩ ወዲህ ይህ ሕክምና እጅግ ብዙ ሰው ከአልጋ አንሥቷል። ሙያውን ያገኘሁት ከመምህሮቼ ነው። ምን ብዬ መጠየቅ እንዳለብኝ ያስተማሩኝ ግን አንዲት እናት ናቸው።

የጉልበታቸው ለስላሳ ሽፋን አልቆ አጥንት ከአጥንት እየተፋተገ እንቅልፍ ይነሣቸው ነበር። ራጁን እያሳየሁ ስለ ብረቱ፣ ስለ ቁስሉ፣ ስለ ደም መርጋት አስረዳኋቸው። ጸጥ ብለው ሰሙኝና፣ «እግዜር ይስጥህ ልጄ። ስግደቱስ?» አሉኝ።

ጤናማ ጉልበት እስከ 140 ዲግሪ ገደማ ይታጠፋል። የተተካው ብዙውን ጊዜ ከ110 እስከ 120 ባለው ላይ ይቆማል። ደረጃ ለመውጣትና ከወንበር ለመነሣት ይህ ይበቃል፤ ግንባርን መሬት አስነክቶ ለመስገድ ወይም ቁጢጥ ለማለት ግን ያስቸግራል። ዳሌ ሲሆን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዱካ ላይ መቀመጥና እግር ማነባበር አዲሱን መገጣጠሚያ ሊያወልቀው ይችላል። የብዙ ሰው ኑሮ ግን መሬት ለመሬት ነው፤ ቡና የሚፈላው ዱካ ላይ ተቀምጦ ነው፣ መጸዳጃ ቤቱ ቁጢጥ ያስብላል፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይሰግዳል።

እውነቱን ነገርኳቸው፦ ሕመሙ ይቀላል፣ ስግደቱ ግን እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ከንስሐ አባታቸው ጋር ተመካክረው፣ ቆመው እጅ እየነሡ ሊጸልዩ ወስነው ተመለሱ። የሚያገኙትንም የሚያጡትንም አውቀው ስለገቡበት፣ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ያለውን አድካሚ የፊዚዮቴራፒ እንቅስቃሴ በትዕግሥት ተወጡት።

አሁን ራጅ ከማየቴ በፊት ሕመምተኛው የት እንደሚቀመጥ፣ እንዴት እንደሚጸልይ፣ ምን ዓይነት መጸዳጃ እንደሚጠቀም እጠይቃለሁ። ከፍ ያለ ወንበርና የመጸዳጃ መቀመጫም ቀድሞ እንዲዘጋጅ አደርጋለሁ።

እናት አባታችሁን ለዚህ ሕክምና የምትወስዱ ልጆች ሆይ፣ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም የቤታችሁን ኑሮ ንገሩት። ያንን ሳያውቅ ለወላጆቻችሁ የሚበጀውን መምረጥ አይችልም።