የማክሰኞዋ ፋይል

እናንተዬ፣ ዛሬ ስለ ኮምፒውተር ልጽፍ ነው። አትሽሹ! እኔም ጋዜጠኝነት የተማርኩ ልጅ እንጂ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። ዲግሪዬን ይዤ አዲስ አበባ የሚዲያ ቢሮዎችን በር ሳንኳኳ ከረምኩና ሲሰለቸኝ ወልቂጤ ተመልሼ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ውስጥ መረጃ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። ሥራዬ ቀላል ነው። እናቶች ከገበያ መልስ መቶም ሁለት መቶም ብር ይዘው ይመጣሉ፣ ገንዘብ ያዧ በካርቦን ደረሰኝ ትቆርጣለች፣ እኔ ኮምፒውተሩ ላይ እመዘግባለሁ። ማታ ስንወጣ ደግሞ ፍላሽ ሰክቼ የቀኑን ባክአፕ ይዤ እሄዳለሁ። በቃ። ይቺን «በቃ» ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

ባክአፕ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም፤ የእናቴ ዕቁብ ይበቃኛል። እማዬ የሰፈራችን ዕቁብ ፀሐፊ ነች። (ጉራጌ አገር አድጎ ዕቁብ የማያውቅ ካለ እጁን ያውጣ!) ዕቁቡ ሲጀመር ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ትገለብጥና ግልባጩን ዳኛው ቤት ታስቀምጣለች። ከዚያ በኋላ ግን በየሳምንቱ ደብተሩን እንደ አዲስ ስትገለብጥ አትውልም። የዚያን ሳምንት ብቻ፣ ማን ከፈለ፣ ማን ቀረ፣ ዕጣው ለማን ወጣ የሚለውን ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፋ ለዳኛው ትልካለች። ቤታችን ቢቃጠል እንኳ የመጀመሪያው ግልባጭ ላይ ቁርጥራጮቹን በተራ በተራ ሲያነቡበት ደብተሩ እንደገና ይወለዳል።

የዳታቤዝ ሰዎች «ኢንክሪመንታል ባክአፕ» የሚሉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ፣ ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ብቻ። የእኛ ቢሮ ሰርቨር የሚሠራው በማይኤስኪውኤል ነው። እሑድ ማታ ሁሉም ነገር ይገለበጣል። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ ሰርቨሩ «ባይነሪ ሎግ» የሚባል ማስታወሻ አለው፤ የተደረገውን ለውጥ ሁሉ በተደረገበት ቅደም ተከተል ይጽፍበታል። ማታ ማታ የዕለቱ ሎግ ይዘጋና ወደ ፍላሽ ይገለበጣል። ሙሉው ቅጂ ሰፊ ቦታና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል፤ የአንድ ቀን ሎግ ግን ትንሽ ስለሆነች መብራት ሳይሄድ ታልቃለች። መብራት ደስ ሲለው በሚሄድበት አገር ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።

እንቅስቃሴን አንድ በአንድ መዝግቦ መያዝ ምን እንደሚጠቅም አገር ሁሉ ያየው በመጋቢት 2016 ነው። ዐርብ መጋቢት 6 ለቅዳሜ አጥቢያ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ሲዛባ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ጀመሩ። ባንኩ በኋላ ያለአግባብ የተወሰደው 801 ሚሊዮን ብር ገደማ መሆኑን ተናገረ፤ ያልመለሱትንም ስም ዝርዝር አወጣ። ስም መጥራት የሚቻለው ደግሞ ማን፣ መቼ፣ ምን ያህል እንደወሰደ የሚናገር መዝገብ ሲኖር ነው። መዝገቡ ቢጠፋ ኖሮ ወሳጁም «እኔ አይደለሁም»፣ ያልወሰደውም «እኔ አይደለሁም» ባሉ ነበር።

ወደ እኛ ልመለስ። አምና አንድ ሐሙስ ከሰዓት መብራት ሄደ። ዩፒኤስ አለን፤ ባትሪው ግን ከሞተ ቆይቷል፣ የተቀመጠው ለጌጥ ነው። መብራቱ ሲመለስ እንደተቆጣ ሰው ዘሎ ገባና የሰርቨሩ ሃርድ ዲስክ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ብሎ ዝም አለ።

እኔ አልደነገጥኩም። ባክአፕ አለና! ከጉብሬ አንድ የኮምፒውተር ምሩቅ ልጅ ተጠርቶ መጣ። አዲስ ዲስክ ገጠመ። የእሑዱን ሙሉ ቅጂ መለሰ፤ ገባ። የሰኞን ሎግ አስከተለ፤ ገባ። ከዚያ ዞር ብሎ «የማክሰኞዋስ ፋይል?» አለኝ። «እዚያው ናት» አልኩት። እውነትም አለች። ስሟ አለ፣ ቀኗ አለ፤ ልኳ ግን ዜሮ ባይት ነው።

ያኔ ትዝ አለኝ። ማክሰኞ ማታ ፍላሹ ሞልቶ ነበር። የጓደኛዬን የሠርግ ቪዲዮ ጭኜበት! ኮምፒውተሩ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር ሲጽፍልኝ፣ ባጃጅ እንዳያመልጠኝ ሳላነበው «ኦኬ» ብዬ ወጣሁ። በነጋታው ቪዲዮውን ስላጠፋሁ የረቡዕዋ ፋይል ሙሉ ናት። ዋናዋ የማክሰኞ ሎግ ግን ከሞተው ዲስክ ጋር አብራ ሞታለች።

«እሺ፣ ማክሰኞን ዝለልና ረቡዕን አስገባ» አልኩት። ሞከረ። ማክሰኞ በተመዘገቡ፣ ረቡዕ ደግሞ ገንዘብ ባስገቡ አዲስ አባላት ላይ ሲደርስ «የሚለወጠው መስመር አልተገኘም» ብሎ ቆመ። ልክ ነዋ! መዝገቡ ላይ ላልተወለደ ሰው ቁጠባ አይጨመርለትም። ልጁ እንዲህ አለኝ፦ «ስህተቱን እለፍ ብዬ ላስገድደው እችላለሁ። ከዚያ በኋላ ግን የትኛው ቁጥር እውነት እንደሆነ እኔም አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም።» የእማዬም ዕቁብ እንደዚያው ነው። የሰባተኛዋ ሳምንት ቁራጭ ከጠፋች፣ ከስምንተኛዋ ጀምሮ ያሉት ሁሉ በእጅ እያሉ የሚቆሙበት የላቸውም።

ዐርብ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ከቆሙት መካከል አንዲት እናት ነበሩ። ማክሰኞ ዕለት ከቆጮና ከቡላ ሽያጭ ያጠራቀሙትን 3,000 ብር አስገብተዋል፤ አሁን ለልጃቸው የትምህርት ክፍያ ሊያወጡ መጥተዋል። ኮምፒውተሩ ላይ ብራቸው የለም። መቀነታቸውን ፈትተው አራት ቦታ የታጠፈች ደረሰኝ አወጡና ዘረጉልኝ። «ልጄ፣ አንቺው አይደለሽ እዚህ ላይ የጻፍሽው?» አሉኝ። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«አዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። በደረሰኛቸው ተከፈላቸው።

ከዚያ እኔና ገንዘብ ያዧ የካርቦን ደረሰኞቹን ዘርግተን ቁጭ አልን። የማክሰኞን፣ የረቡዕንና የሐሙስን እንደ አዲስ ስንመዘግብ ድምሩ ከካዝናው ጋር የገጠመው እሑድ ማታ ነው። ሁለት ደረሰኞች ደብዝዘው አልነበብ ስላሉ የሁለቱን አባላት ቤት አፈላልጌ ሄድኩና የቁጠባ ደብተራቸውን ዓይቼ፣ ጠይቄ፣ ጽፌ ተመለስኩ። የጋዜጠኝነት ትምህርቴን ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራሁበት ይኸው መሆኑ ነው!

የሚገርማችሁ ግን እንዲህ የምንሆነው እኛ ብቻ አይደለንም። እ.ኤ.አ. ጥር 31 ቀን 2017 ጊትላብ በተባለው የፕሮግራመሮች ድርጅት ውስጥ አንድ መሐንዲስ በሌሊት ሥራ ላይ ሳለ ተሳስቶ የዋናውን ሰርቨር ዳታቤዝ አጠፋ፤ 300 ጊጋባይት ገደማ። አምስት ዓይነት የመጠባበቂያ ዘዴ ነበራቸው፤ አንዱም በወጉ አይሠራም ነበር። አንደኛው ባክአፕ በፕሮግራሙ እትም አለመጣጣም የተነሣ ሲከሽፍ ቆይቷል፤ «ከሽፌያለሁ» የሚለው የማስጠንቀቂያ ኢሜይልም ተቀባዩ ጋ ሳይደርስ ውድቅ ይደረግ ነበር። ያዳናቸው አንድ ሠራተኛ ለሌላ ጉዳይ ብሎ ከስድስት ሰዓት ገደማ በፊት በእጁ የወሰደው ቅጂ ነው። የእነሱ ማስጠንቀቂያ መንገድ ላይ ቀረ፣ የእኔ ደግሞ ዓይኔ ሥር መጥቶ «ኦኬ» ተባለ።

አሁን ወደዚያች «በቃ» ልመለስ። ትምህርት ቤት ሳለን መምህሮቻችን ያልተጣራ ወሬ ዜና አይደለም እያሉ ያደርቁን ነበር። እኔ ግን ለወራት ፍላሽ ላይ የያዝኩትን አንድም ቀን ሳላጣራ «ባክአፕ» ስለው ኖሬያለሁ። ተመልሶ ያልተሞከረ ባክአፕ «አሉ» ከሚባል ወሬ አይሻልም። ፋይል መኖሩ አንድ ነገር ነው፣ ፋይሉ ተመልሶ መነሣቱ ሌላ።

ስለዚህ ልጁ አዲስ ሥርዓት አበጀልን። ፒተር ክሮግ የተባለ አሜሪካዊ ፎቶግራፈር ያስታወቃት 3-2-1 የምትባል ሕግ አለች፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ዕቃ፣ አንዱ ከቤት ውጪ። ለምን ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ አንጭነውም ብዬ ጠይቄው ነበር። «ሰኔ 2012ን ረሳሽው?» አለኝ። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በመላ አገሪቱ ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ገደማ ተዘግቶ ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ዲስክ ቢሞትብን ኖሮ ቅጂያችን ባሕር ማዶ በሰላም ተቀምጦ እኛ እዚህ ባዶ እጃችንን በቀረን! ስለዚህ አንዱ ቅጂ ቢሮ፣ አንዱ በሌላ ዲስክ ላይ የማኅበሩ ሰብሳቢ ቤት፣ አንዱ ደግሞ ኔትወርክ ሲፈቅድ ኢንተርኔት ላይ ይቀመጣል። ሰብሳቢው ቤት ማለት የዕቁቡ ዳኛ ቤት ማለት አይደል? እማዬ ይህን ስነግራት «ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ?» ብላ ሳቀችብኝ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አንድ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ከእሑዱ ሙሉ ቅጂ ጀምረን የየቀኑን ሎግ በተራ እየመለስን የአባላቱን ቁጥርና የቁጠባውን ድምር ከዋናው ጋር እናስተያያለን። አንድ ሰዓት ይፈጅብናል፤ አሰልቺ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልተወው ብዬ ቦርሳዬን ካነሣሁ በኋላ ያቺ በመቀነት የታጠፈች ደረሰኝ ዓይኔ ላይ መጣችብኝና ተመልሼ ተቀመጥኩ።

እስቲ እናንተም ዛሬ ማታ ፍላሻችሁን ክፈቱ። የመመረቂያ ጽሑፍም ይሁን የሱቅ ሂሳብ፣ የልጆቻችሁም ፎቶ ይሁን፣ ስሙን ሳይሆን ውስጡን እዩት። ማክሰኞ አለች?

ቸር እንሰንብት!