ጎንደር በመጨረሻ

መቼም የፋሲልን ግንብ የማያውቅ ከተሜ የለም። በአካል ያላየው በቀን መቁጠሪያ፣ በሆቴል ግድግዳ ወይም በትምህርት ቤት መጽሐፍ ላይ አይቶታል። ታዲያ ብዙዎቻችን ግንቡ አንድ ማለዳ ከመሬት ፈልቆ የቆመ ይመስለናል። በአውሮፕላን የሚሄደው እንግዳማ አዘዞ ላይ ይወርዳል፣ ግቢውን ሁለት ሰዓት ዞሮ ፎቶግራፍ ይነሳል፣ «ፖርቱጋሎች ናቸው አሉ የሠሩት» ብሎ ይመለሳል። ዓፄ ፋሲል የኢየሱሳውያንን ካህናት ከአገር ያስወጡት ጎንደርን ከመቆርቆራቸው አስቀድሞ እንደሆነ የሚነግረው አይኖርም። ከተማይቱ የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1636 ነው፤ በግንቡ ላይ የህንድም የፖርቱጋልም አሻራ አለ ቢባል እንኳ፣ አሠሪው ማንን አባርሮ ማንን እንዳስቀረ ማወቅ ደግ ነው።

እኔና አንድ የቆየ ወዳጄ ይህን ግንብ ከባሕር ዳር ተነስተን በብስክሌት ልንደርስበት ዐቅደናል። እሱ ጡረታ የወጣ የታሪክ መምህር ነው፤ ኑሮው ባሕር ዳር፣ ሴቱም ወንዱም፣ ነጠላ የለበሰውም ደብተር የያዘውም ብስክሌት በሚነዳባት ከተማ። እኔ አዲስ አበቤ ነኝ፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት በመንገድ ቅየሳ ሥራ ነው። የዕቅዱ ጠብ ሁሉ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። እሱ መንገድን በነገሥታት ይቆጥራል፤ እኔ በሜትር።

በሜትር እንጀምር። ከባሕር ዳር ጎንደር በአስፋልት 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር አካባቢ ላይ ተኝቷል፤ ጎንደር ከ2100 ትበልጣለች። «ሦስት መቶ ሜትር ብቻ?» ብሎ የሚዘናጋ ካለ ያን አገር አያውቀውም። መንገዱ የወጣኸውን ያስመልስሃል፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ያስከፍልሃል።

የመጀመሪያው ቀን ቀላል ነው። ጉማራን ተሻግሮ ወረታ፣ ርብን ተሻግሮ አዲስ ዘመን፤ ሩዝ የሚበቅልበት የፎገራ ሜዳ። በክረምት ሁለቱ ወንዞች ሞልተው ሜዳውን ስለሚያለብሱት ክረምትን ሰረዝን። በጥር የጥምቀት እንግዳ ጎንደርን ሞልቶ ማደሪያ ያሳጣል። የቀረን ኅዳር ነው፤ ውሃው የሸሸበት፣ አጨዳው የተጀመረበት።

ሁለተኛው ቀን ላይ ነው ነገሩ። ከአዲስ ዘመን በኋላ ሜዳው ያልቃል፤ በካርታዬ ላይ የከፍታ መስመሮቹ እንደ ሹሩባ ይጠጋጋሉ፤ ከመንገዱ ዳር እንደ ጣት የቆመ የአለት ምሰሶ አለ። ለዚያ ቀን የመደብነው ከአርባ ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ጉዞ ነው። «ገፍቶ መውጣትም መንዳት ነው» ይላል ወዳጄ፤ እስማማለሁ። ከዚያ እንፍራዝ ሳይደረስ፣ ከመንገዱ ከፍ ብሎ፣ ጉዛራ።

ጉዛራ ለዓፄ ሠርጸ ድንግል የሚሰጥ ግንብ ነው። እሳቸው የነገሡት እ.ኤ.አ. ከ1563 እስከ 1597 ነበር፤ የፋሲል አያት ሊሆኑ በሚችሉበት ዘመን ማለት ነው። ወዳጄ በአስተማሪነቱ ዘመን ተማሪዎቹን ይዞ ወጥቶበታል። ከላይ ሆኖ ሲያዩት ሜዳው፣ ሐይቁና መንገዱ በአንድ ዓይን ይገባሉ ይላል። እኔ ብሆን የቅየሳ መሣሪያዬን የምተክለው እዚያው ነበር። «ከተማ» የሚለው ቃል ድሮ የንጉሥ ጦር ሰፈር ማለት እንደነበረ ብዙ ሰው አያስታውሰውም፤ ድንኳኑ ሲነቀል ከተማው ይነቀላል። ጉዛራ እንግዲህ የድንኳን ንጉሥ በድንጋይ መቀመጥ የጀመረበት አፍ ነው። ይህን በመኪና መስኮት ማየት ይቻላል። ዳገቱን በጉልበቱ የወጣ ሰው ግን ንጉሡ ለምን እዚያ ላይ እንደተቀመጡ ማንም ሊያስረዳው አያስፈልገውም፤ ሊወጋቸው የሚመጣውም እንደሱ እያለከለከ ነው የሚደርሰው።

ከጉዛራ በኋላ ተጣላን። ወዳጄ ነገሥታቱን በተራ ልንጎበኝ ይገባል ባይ ነው፦ ከሠርጸ ድንግል ቀጥሎ ሱስንዮስ፤ ከሱስንዮስም አስቀድሞ ሐይቁ ዳር ያለችው ጎርጎራ፣ ቀጥሎ ደጋ ላይ ያለችው ደንቀዝ፣ ከዚያ ፋሲል። መንገዱ ግን ታሪክ አያውቅም። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል ነው፤ ደንቀዝ በሌላ አቅጣጫ፣ ከጎንደር ደቡብ ምሥራቅ ከፍታ ላይ። በነገሥታት ተራ ብንሄድ አንዱን ዳገት ሁለት ጊዜ እንከፍላለን። ስለዚህ በማክሰኝት በኩል ደንቀዝን እናስቀድም አልኩት። «ዓፄ ሱስንዮስን ሳታነግሣቸው ልትቀብራቸው ነው!» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ሰውዬው የሞቱት ደንቀዝ ነዋ፤ የተቀበሩት ደግሞ አዘዞ ገነተ ኢየሱስ።

በመጨረሻ ተደራደርን። ደንቀዝ ይቀድማል፤ በምትኩ ጎንደር የመጨረሻ ትሆናለች። ይኸውም አዘዞ ደርሰን፣ ከተማይቱን በአፍንጫችን ስር አልፈን፣ ወደ ጎርጎራ ወርደን፣ ከዚያ ነው ተመልሰን የምንገባባት። ሙያዬ ይህን አይወድም። ግን ልክ ነው እላለሁ። ጎንደርን ቀድሞ ያየ ሰው የፈረሰውን የደንቀዝን ቤተ መንግሥት ድንጋይ ክምር ብሎ ያልፈዋል።

ደንቀዝን ደግሞ ማለፍ አይገባም። ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1626 የሮማን ሃይማኖት በይፋ የተቀበሉት፣ መኳንንቱንም ያስማሉት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ አገሩ እርስ በርሱ ተዋጋ። በ1632 በወይና ደጋ የንጉሡ ጦር አሸነፈ፤ ስምንት ሺህ ያህል ሰው እንደወደቀ ተጽፏል። የወደቁት አረመኔም ባዕድም አልነበሩም፤ የገዛ ሕዝባቸው ነበሩ፤ ይህንንም ሬሳው በተኛበት የነገሯቸው የገዛ ወገኖቻቸው ናቸው። ብዙም ሳይቆዩ ንጉሡ የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ አዋጅ አስነገሩ፣ ዙፋኑንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ያሸነፉት ጦርነት ነው ዘውዳቸውን ያስወለቃቸው። ወዳጄ ይህን ሲያስተምር ክፍሉ ጸጥ ይል ነበር አለኝ።

ይህን ሁሉ የምናወራው የትኛውን መንገድ ይዘን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። ቀኑን ለኅዳር 2016 ዓ.ም. ቆርጠን ሳለ በ2015 ክረምት በክልሉ ጦርነት ተቀሰቀሰ። ያ መንገድ ስንቴ ተዘጋ፤ ስንቱ ተሳፋሪ ከአውቶቡስ ወርዶ ታገተ። በደብተራችን ላይ 2016 ተሰርዞ 2017 ተጻፈ፤ 2017ም ተሰርዞ አሁን ኅዳር ብቻ ቀርቷል፣ ዓመቱ ባዶ ነው። አንድ ማታ «ሰው ልጁን በሚቀብርበት መንገድ ላይ ሽርሽር ማቀድ ነውር አይሆንብንም?» ብዬ ጠየቅኩት። ዝም አለ፤ ረጅም ዝምታ። ከዚያ ከእንፍራዝ እስከ ማክሰኝት ያለውን ዳገት እንደገና እንዳሰላለት ጠየቀኝ። አሰላሁለት።

አዲስ ዘመን አካባቢ የሚኖሩ አክስት አሉት፤ የመጀመሪያዋን ሌሊት የምናድረው እሳቸው ዘንድ ነው። ሲነግራቸው «በብስክሌት? ምነው ልጄ፣ ለአውቶቡስ የሚሆን ገንዘብ አጣህ?» አሉት። ቀጥለውም የእኔን ዕድሜ ጠየቁ፤ ስድሳ ሁለት ሲላቸው ሳቁ። «ኑ፣ አልጋ አለ» አሉ። «አሁን ግን አትምጡ። እኔ ስደውልልህ ነው የምትመጣው፤ ሬዲዮ ሰምተህ እንዳትነሳ።» ወዳጄ ይህን ደብተሩ ላይ ጽፎታል፤ ከርቀቱና ከከፍታው ቀጥሎ።

የቀረው ጥቃቅን ነው። ለደንቀዝ ኮረብታ ብስክሌቱን ማክሰኝት አስቀምጠን በእግር ወይም በበቅሎ እንወጣለን። የውስጥ ጎማ ስድስት፤ የፍሬን ጎማ ለቁልቁለቱ፤ ውሃ ከሁሉ በላይ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ወዳጄ አዲስ ሐሳብ አመጣ፦ ከጎንደር በኋላ ዳግመኛ ጎርጎራ ወርደን በጀልባ ጣናን አቋርጠን ባሕር ዳር እንግባ ይላል። ያንኑ መንገድ ሦስተኛ ጊዜ! አልተስማማሁም፤ ገና እንጨቃጨቃለን። አክስቲቱ አልደወሉም። እኔም በየማለዳው ከስድስት ኪሎ ሽሮ ሜዳ እወጣለሁ፤ ትናንት ሳልወርድ፣ በሦስተኛው ማርሽ ወጣሁት።