የበጋ ነፋስና የወገዳ አውድማ

የአየር ትንበያ ቃሉ አንድ ሲሆን ፍቺው እንደ አገሩ ነው። በ1973 ዓ.ም. የተቋቋመው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት በጋ የሚለው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለውን ወራት ነው፤ የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንት ግን በጋን ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ይቈጥሩታል። ስለዚህ በወገዳ፣ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ «በበጋው ነፋሱ ይበረታል፣ ሙቀቱም ከልማዱ ያልፋል» የሚል ቃል የሰማ ሰው አስቀድሞ የትኛው በጋ እንደ ሆነ ይጠይቅ።

ቀጥሎም ቦታውን ይለይ። ቁመቱ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጉና ግርጌ ለተቀመጠው ደገኛ፣ የሌሊት ሙቀት ገና ያልደረሰውን ገብስ ከውርጭ ያድንለታል። ነገር ግን ሌሊቱን የሚያሞቀው ብዙ ጊዜ ደመና ነውና፣ ታጭዶ ያልተከመረውን እህል ዝናም ሊያገኘው ይችላል። ወደ ዓባይና ወደ በሽሎ በሚወርደው በስማዳ ሽምብራና ጓያ ለዘራ ገበሬ ግን፣ ደረቅ ነፋስና ሙቀት ሲተባበሩ ከክረምት የተረፈውን የመሬት እርጥበት ያደርቁበታል፤ ቡቃያውም ሳያፈራ ይጠወልጋል።

ነፋስ ራሱ ሁለት ጠባይ አለው፤ ልከኛው ምርቱን ከገለባ ይለያል፣ ኀይለኛው ግን እህሉንም ገለባውንም ይበትናል፣ የእሳት ፍንጣሪም ወደ ክምር ያደርሳል። ክምሩ የነደደበት ሰው የዓመት ቀለቡን ብቻ ሳይሆን የመጪውን ክረምት ዘር ያጣል።

እንግዲህ ትንበያውን ለገበሬ የሚያሰማ ሁሉ ወሩንና ቦታውን፣ የሚሠራውንም ሥራ አብሮ ይንገረው፤ ያልተፈታ ቃል ክምር አያድንምና።