ከደረት ስለሚቀዳ ውኃ

ሳንባን በሚሸፍኑት በሁለቱ ስስ ሽፋኖች መካከል በጤና ጊዜ የሚገኘው ፈሳሽ ከጥቂት ማንኪያ አይበልጥም። በደዌ ጊዜ ግን በሊትር እስኪሰፈር ድረስ ይሞላና ትንፋሽን ያሳጥራል። ልብ ሲደክም ይህ ይሆናል፤ ሳንባ ነቀርሳም ካንሰርም ያመጡታል። የደካማ ልብ ፈሳሽና የነቀርሳ ፈሳሽ ሁለቱም ብርዝ የመሰለ ቢጫ ሊሆኑ ስለሚችሉ፤ በዓይኑ ብቻ አይቶ ለሚፈርድ ሐኪም እኔ ወንድሜን አልሰጥም።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1972 ሪቻርድ ላይት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልንጀሮቹ ጋር 150 ፈሳሾችን መርምሮ መለኪያ አወጣ። የፈሳሹ ፕሮቲን ለደሙ ፕሮቲን ሲካፈል ከ0.5 ያለፈ እንደ ሆነ፤ ወይም ላክቴት ዲሃይድሮጅኔዝ የሚባለው በዚሁ አኳኋን ከ0.6 ያለፈ እንደ ሆነ፤ ሽፋኑ ራሱ ሳይታመም አልቀረም ማለት ነው። ሦስተኛም መለኪያ አለው። እኔን ደስ የሚያሰኘኝ ፈሳሹ ለብቻው አለመዳኘቱ ነው፤ ምስክሩ የዚያው ሰው ደም ነው።

አጎቴ በዚህ ደዌ በተኙ ጊዜ መለኪያው አወላወለ። ፕሮቲናቸው 0.52 ሆነ። ሳንባ ነቀርሳ በአገራችን ብዙ ነውና የስድስት ወር መድኃኒት ይጀመርላቸው የሚል ሐሳብ ተነሣ። ነገር ግን እግራቸው አብጦ ስለ ነበር ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት ለብዙ ቀን ወስደው ነበር፤ ይህም ውኃውን እያስወጣ ፕሮቲኑን ስለሚያስቀር፤ የልብን ፈሳሽ የሽፋን ደዌ ያስመስለዋል። ሐኪሙ አልቡሚን የተባለውን ለካ፤ የደሙ ከፈሳሹ በዴሲ ሊትር ከ1.2 ግራም በላይ በለጠ፤ ነገሩም ወደ ልብ አመለከተ። አዴኖሲን ዲአሚኔዝም ዝቅተኛ ሆኖ ስለ ተገኘ የነቀርሳው መድኃኒት ቀረ።

ይህ በመጨረሻ የጠራሁት ሰውነት ነቀርሳን ሲዋጋ በፈሳሹ ውስጥ የሚበዛ ኤንዛይም ነው። የነቀርሳው ባክቴሪያ በፈሳሹ ውስጥ ጥቂት ስለ ሆነ በላቦራቶሪ ማሳደጉ ሳምንታት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜም አይበቅልም። ኤንዛይሙ ግን በትንሽ ወጪ ቶሎ ይለካል። በሊትር ከ40 ዩኒት ያለፈ እንደ ሆነ፤ ሊምፎሳይት የተባሉት ነጭ ሕዋሳትም የበዙ እንደ ሆነ፤ ነቀርሳ በበዛበት አገር ብርቱ ማስረጃ ነው። ነቀርሳ ብርቅ በሆነበት አገር ያው 40 ብዙ አያስረዳም፤ እዚያ ይልቁን የሚጠቅመው ቁጥሩ ዝቅ ሲል ነው። ከሳንባ ምች የተነሣ መግልም ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል። እንዲህ ያለ ፈሳሽ ፒ ኤቹ ከ7.2 በታች የወረደ እንደ ሆነ መድኃኒት ብቻውን አይበቃውም፤ በጎድን መካከል ቱቦ ገብቶ ሊቀዳ ይገባዋል።