ከግድግዳ ጋር የተደረገ ግጥሚያ

የቴኳንዶ ስፖርትና የግድግዳ ቀለም ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። እኔም እስካለፈው ሻዕባን ድረስ ምንም አያገናኛቸውም ባይ ነበርኩ።

ረመዳን ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ እዚሁ ሐዋሳ የማስተምርባትን የአንዲት ትንሽ መድረሳ ሁለት ክፍሎች ቀለም ለማስቀባት አሰብን። የቀለሙ ገንዘብ ከወላጆች ተዋጣ፤ ለቀቢ የሚከፈል ግን አልተረፈም። በዚህ መካከል ድሮ ተማሪዎቼ የነበሩ፣ ዛሬ ማለዳ ማለዳ ታቦር ተራራ ሥር ቴኳንዶ የሚሠሩ አምስት ወጣቶች «ኡስታዝ፣ እኛ እያለን!» ብለው ከተፍ አሉ። ከአምስቱ አንዱ የገዛ ልጄ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ፤ ስፖርቱን አልወድለትም ነበር። መማታት የለመደ እጅ ቤትም ሲገባ አያርፍም የሚል ሥጋት ነበረኝ።

ሥራው ሲጀመር ቀልዱም አብሮ ተጀመረ። «ለግድግዳ የሚሻለው ስልት የትኛው ነው?» ሆነ ክርክሩ። ጥቁር ቀበቶ ያለው ልጅ ሮለሩን ከታች ወደ ላይ እየገፋ «ይህ ለራስ የሚመጣን ምት መመከት ነው» አለ። ሌላው አንድ እግሩን ወደ ኮርኒሱ አንሥቶ «በጎን እርግጫ እቀባዋለሁ፤ መሰላል ምን ያደርጋል?» ብሎ ሊወድቅ ለጥቂት ተረፈ። ልጄ ደግሞ «ቾንጂ አሥራ ዘጠኝ እንቅስቃሴ አላት፤ ይህን ግድግዳ በአሥራ ዘጠኝ ካልጨረስኩ ቀበቶዬን ውሰዱ» ብሎ ፎከረ። ቾንጂ ጀማሪዎች የሚማሯት የመጀመሪያዋ ተከታታይ ልምምድ ናት። አሥራ ዘጠኝ ሲቆጠር የመስኮቱን ዙሪያ እንኳ አልጨረሰም። ጓደኞቹ ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ነጭ ቀለም ለብሶ ሲያዩት «እንኳን ቀበቶህ፣ አንተም ነጭ ሆነሃል» ብለው ሳቁበት።

እኔንም «ሚያጊ» ብለው ሰየሙኝ። በ1984 እ.ኤ.አ. የወጣውን «ካራቴ ኪድ» የተባለ ፊልም በልጅነታችን ቪዲዮ ቤት ገብተን ያየን እናስታውሰዋለን። ሽማግሌው ሚያጊ ካራቴ ሊማር የመጣውን ልጅ መኪና ያስወለውለዋል፣ አጥር ያስቀባዋል። ልጁ ተናዶ ሊሄድ ሲል ሽማግሌው ይሰነዝርበታል፤ የልጁም እጅ አጥር ሲቀባ በለመደው እንቅስቃሴ ምቱን ይመክታል።

ፊልም ፊልም ነው፤ አጥር በመቀባት ብቻ ተጋጣሚ የሆነ የለም። ነገር ግን ሁለቱም ትዕግሥት ይፈልጋሉ። የተላጠው ቀለም አስቀድሞ ካልተፋቀ አዲሱ አይዝም። አንዱ ቅብ ሳይደርቅ ሁለተኛው ከተደረበ ይበላሻል። ብሩሽ ከመጠን በላይ ከተነከረ ይንጠባጠባል።

ዐስር ሊደርስ ሲል ልጄ ሥራውን ለማየት ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ባልዲውን ረገጠው። ቀለሙ ለሕፃናቱ በብዙ ልመና ባገኘነው አዲስ ምንጣፍ ላይ ፈሰሰ። ምን እንደነካኝ አላውቅም፤ በጓደኞቹ ፊት እጄን አነሣሁበት። የልጄ ክንድ ሳያስበው ለመመከት እስከ ደረቱ ወጣ። ወዲያው መለሰውና ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ አንገቱን ደፍቶ ቆመ። የእኔ እጅ አየር ላይ ቀረ። ቀልዱ ሁሉ ጸጥ አለ።

«ሳይደርቅ በውኃ ይለቃል፣ ኡስታዝ» አለ ባለ ጥቁር ቀበቶው ቀስ ብሎ፤ ጨርቅ ፍለጋም ሄደ። እኔ ዉዱእ ላደርግ ወጣሁ።

ኃያል ማለት ታግሎ የሚጥል ሳይሆን በቁጣ ጊዜ ራሱን የሚገዛ መሆኑን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ማስተማራቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውልናል። ይህን ሐዲስ ለልጆች ሳስተምር ዓመታት አልፈዋል። ቴኳንዶ የሚለው ስም በ1955 እ.ኤ.አ. በኮሪያ የወጣ ነው። አሠልጣኞቹም ትሕትናን፣ ሐቀኝነትን፣ ጽናትን፣ ራስን መግዛትንና የማይበገር መንፈስን መመሪያ አድርገው ለተማሪዎቻቸው ያስጠኗቸዋል። ልጄ ያጠናውን በተግባር አሳየ፤ እኔ መምህሩ ግን ያስተማርኩትን ዘነጋሁ። ታዲያ ከሁለታችን የሠለጠነው ማን ነበር?

ከሶላት በኋላ ተመለስኩ። እጄን ሳነሣ ያዩት ሁሉ ይስሙ ብዬ፣ በዚያው በጓደኞቹ ፊት «ልጄ፣ ዐፉ በለኝ» አልኩት። ሮለርም አንሥቼ አጠገቡ ቆምኩ። ጥቂት ዝም ብሎ ካየኝ በኋላ «አባዬ፣ በትከሻህ አትግፋው፤ ቀስ ብለህ ሂድ» አለኝ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ።

ምንጣፉ ቢታጠብም አንዲት ነጭ ነጥብ ቀርታበታለች። ሳስተምር የምቀመጠው እርሷን በማይበት በኩል ነው። ውድ ወላጆች፣ እናንተስ ዛሬ ማታ ልጃችሁ አንድ ነገር ቢያፈስስ እጃችሁ ወዴት ይሄዳል?