ተሸነፉ ወይስ ተሸነፍን?



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ኳስ ነው። “ፓስተር ደግሞ ከኳስ ጋር ምን አገናኘው?” የምትሉ አትጠፉም። ሰባተኛ አካባቢ እያገለገሉ ከኳስ ወሬ ማምለጥ ግን የሚቻል አይደለም። ከአውቶቡስ ተራ እስከ ጎጃም በረንዳ ባለሱቁም፣ ሊስትሮውም፣ ወዛደሩም የሚያወራው እሱኑ ነው። ደግሞም የምጽፈው ስለ ኳሱ ብቻ አይደለም። ጌታ በኳስ ምክንያት በገዛ ቤቴ ውስጥ ስላሳየኝ ኃጢአት ነው። እስከ ዛሬ የዘገየሁትም ልጄ “ጻፈው” እስክትለኝ ስጠብቅ ነው።

ነገሩ የሆነው በ2016 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ነው። ሉሲ የምንላት የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ለፓሪስ ኦሊምፒክ ማጣሪያ ከናይጄሪያ ጋር ተደልድላ ነበር። የመጀመሪያው ጨዋታ ረቡዕ ጥቅምት 14 ቀን እዚሁ አዲስ አበባ፣ በአበበ ቢቂላ ስታዲየም ተደረገ። ናይጄሪያ የዋዛ ቡድን አይደለችም። በዚያው ባለፈው ክረምት፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ባዘጋጁት የዓለም ዋንጫ፣ የኦሊምፒክ ሻምፒዮን ከነበረችው ካናዳ ጋር 0 ለ 0 ወጥታለች። አስተናጋጇን አውስትራሊያን 3 ለ 2 አሸንፋለች። በጥሎ ማለፉም ከእንግሊዝ ጋር 120 ደቂቃ ያለ ጎል ተጫውታ የተሸነፈችው በመለያ ምት ነው። እንግሊዝ ደግሞ ከዚያ አልፋ ለፍጻሜ ደርሳለች። እንግዲህ ይህን ቡድን ነው ልጆቻችን 1 ለ 1 የያዙት።

በማግስቱ ሰባተኛን ማየት ነበር! የሴቶች ኳስ መኖሩን እንኳ የማያውቅ የመሰለኝ ሰው ሁሉ ተንታኝ ሆኖ ዋለ። “አቻ ወጣን እኮ!” “ናይጄሪያን ያዝናት!” “እዚያም ሄደን ጎል ካገባን አለቀ!” ይባባላሉ። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

የመልሱ ጨዋታ አቡጃ ላይ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 20 ነበር። ያን ቀን ማምሻውን ከጸሎት ፕሮግራም ወጥተን፣ እኔና ጥቂት የአጥቢያችን ወጣቶች ሁልጊዜ የምንቀመጥባት ሻይ ቤት ገባን። ሁለተኛዋ ልጄም የመዘምራን ልምምድ ጨርሳ አብራን ነበረች። አንዱ ወጣት ውጤቱን ከስልኩ እያየ ይነግረናል። አንድ ለዜሮ ሲል ሰዉ “ገና ነው፣ እንመልሳለን” አለ። ሁለት ሲል ዝም ተባለ። ሦስት ሲል በአጠገባችን የነበረ አንድ ጎልማሳ ብርጭቆውን አስቀመጠና “ድሮስ ሴቶቹ የት ይደርሳሉ ተብሎ ነው!” አለ። 4 ለ 0 ሆኖ ሲያልቅ ልጁ ስልኩን ኪሱ ከተተና “ተሸነፉ” አለ። ወሬው ወዲያው ወደ እንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ዞረ።

አገልጋይ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም። “ቆይ እስቲ፣” አልኩ፤ “ባለፈው ረቡዕ ሁላችሁም ‘አቻ ወጣን’ ስትሉ ሰምቻለሁ። ዛሬ ደግሞ ‘ተሸነፉ’ ትላላችሁ። ረቡዕ ‘እኛ’ የነበሩት ልጆች ማክሰኞ እንዴት ‘እነሱ’ ሆኑ? ያቻው ውጤት የኛ ከነበረ ሽንፈቱም የኛ ነው። ‘ተሸነፍን’ በሉ እንጂ!”

የሻይ ቤቷ ባለቤት “እውነትዎን ነው ፓስተር፣ የሰው ልጅ እንዲህ ነው” አሉ። ጎልማሳውም ሳቀና “ይሁን፣ ተሸነፍን!” ብሎ የሁላችንን ሻይ ከፈለ። እኔም በልቤ “ይቺ ለእሁድ ስብከት ጥሩ ምሳሌ ትሆናለች” ብዬ ያዝኳት። ልጄ ግን አልሳቀችም። ሻይዋንም አልጨረሰችም።

ከሻይ ቤቷ ወጥተን በምናለሽ ተራ በኩል ወደ ታክሲ ስንሄድ ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጥቂት ከተራመድን በኋላ ቀስ ብላ፣ “አባዬ፣ እኔስ?” አለችኝ።

“አንቺስ ምን?”

“ስምንተኛ ክፍል ሳልፍ ‘ልጄ አለፈች’ ብለህ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግረሃል። አሁን ግን ለእማዬ ‘ልጅሽ’ ነው የምትላት። ‘ልጅሽ በላች ወይ?’ ‘ልጅሽ የት ሄደች?’ እኔ እኮ እሰማለሁ።”

ወገኖቼ፣ በሃያ ምናምን ዓመት አገልግሎቴ ብዙ ተግሣጽ ደርሶብኛል። እንደዚያች ምሽት ያለ ግን አላስታውስም።

ነገሩን ላስረዳችሁ። በዚያው በመስከረም መጨረሻ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ወጥቶ ነበር። ፈተናውን ከወሰዱት 845,188 ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ብቻ ነበሩ፤ 3.2 በመቶ ማለት ነው። አገር ሁሉ ደነገጠ። በየቤቱ ለቅሶ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከመቶ ዘጠና ስድስቱ እዚያው ወንዝ ውስጥ እንደነበሩ አውቃለሁ። ግን ቁጥር ለአባት ልብ ምን ያደርጋል? የእኔ ልጅ ከዘጠና ስድስቱ አንዷ ነበረች።

አልተቆጣኋትም። ይህንንም እንደ ጽድቅ ቆጥሬው ነበር። “ሌላው አባት ቢሆን…” እያልኩ ራሴን አመሰግን ነበር። ግን አላጽናናኋትም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ፈተናው አንድ ቃል አልተናገርኳትም። ምዕመናን “የልጅዎ ውጤት እንዴት ሆነ?” ብለው ሲጠይቁኝ “እግዚአብሔር የራሱ ጊዜ አለው” እያልኩ አልፍ ነበር። ቃሉ እውነት ነው፤ እኔ ግን የተጠቀምኩበት እፍረቴን ለመሸፈን ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የጥቅምት የመጀመሪያው እሁድ ነው። በአጥቢያችን ያለፉት ሁለት ልጆች ነበሩ። ወደ መድረክ ጠራኋቸው፤ እጄን ጭኜ ባረክኋቸው። ጉባኤው በእልልታና በጭብጨባ ጌታን አመሰገነ። ይህ መልካም ነው፤ ከደስተኞች ጋር ደስ መሰኘት የተገባ ነው። ያን ሰዓት ግን ከኋላዬ መዘምራኑ ቆመው ነበር። ከእነሱ መካከል ፈተናውን ወስደው ያልሆነላቸው አምስት ወጣቶች ነበሩ፤ አንዷ ልጄ ናት። ለእነሱ አንድ ቃል አልወጣኝም። “ቀጣዩ መዝሙር” አልኩና ወረድኩ። እነሱም ዘመሩ። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ስለ ጸጋ የሰበኩት በመድረኩ ላይ የቆምኩት እኔ ሳልሆን እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ሻይ ቤት ውስጥ ለማላውቃቸው አሥራ አንድ ሴት ልጆች “የኛ ናቸው” ብዬ የተከራከርኩት ሰውዬ፣ ቤቱ ያለችውን ልጅ ለእናቷ ሰጥቶ የወጣ ነው።

ያን ምሽት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሉቃስ 15ን ከፈትኩ። ያን ምዕራፍ በሥነ መለኮት ኮሌጅ ተምሬዋለሁ፤ ስንት ጊዜም ሰብኬዋለሁ። ሁልጊዜ ራሴን የማስቀምጠው በጠፋው ልጅ ቦታ ነበር፤ አንዳንዴም በአባትየው። ያን ሌሊት ግን ዓይኔ ያረፈው በታላቁ ወንድም አነጋገር ላይ ነው። በቁጥር 30 ለአባቱ ሲናገር “ወንድሜ” አይለውም፤ “ልጅህ” ነው የሚለው። አንዲት ፊደል ናት። በዚያች ፊደል ግን ወንድሙን ከራሱ አውጥቶ ጥሎታል። አባትየውም በቁጥር 32 በቁጣ አልመለሰለትም፤ ያንኑ ሰው “ወንድምህ” ብሎ መለሰለት። ሸክሙን ከጣለበት አንሥቶ በትከሻው ላይ መልሶ አኖረለት። እኔ “ልጅሽ” ስል የቆምኩት ከበሩ ውጭ፣ ከታላቁ ወንድም ጎን ነበር። የገባሁት መስሎኝ ነው እንጂ ግብዣው ውስጥ አልነበርኩም።

ከዚያ ዮሐንስ 20ን አነበብኩ። ጌታ በተያዘባት ሌሊት ደቀ መዛሙርቱ የሆኑትን ታውቃላችሁ። አንዱ ሸጠው፣ አንዱ ሦስት ጊዜ አላውቀውም አለ፣ የቀሩትም ጥለውት ሸሹ። ሽንፈት ከተባለ ከዚያ የባሰ ሽንፈት የለም። በትንሣኤው ጠዋት ጌታ ለመግደላዊት ማርያም መልእክት ሲሰጣት እነዚያኑ ሰዎች ምን ብሎ ጠራቸው? “እነዚያ ሰዎች” አላለም። “የከዱኝ” አላለም። “ወንድሞቼ” አላቸው (ቁጥር 17)። ከዚያ በፊት በዚሁ ወንጌል ወዳጆች ብሏቸዋል፤ ልጆች ብሏቸዋል። ወንድሞቼ ያላቸው ግን ጥለውት ከሸሹ በኋላ ነው። የዕብራውያን ጸሐፊም በምዕራፍ 2 ቁጥር 11 ጌታ እንዲህ ብሎ ሊጠራን እንደማያፍር ይነግረናል። እኔ ያፈርኩት በሦስት ሳምንት ውስጥ፣ በአንድ ወረቀት ምክንያት ነው።

ይህን የምታነቡ፣ ገና ጌታን ያላወቃችሁና “እግዚአብሔር እኔን ይቀበለኛል ወይ?” ብላችሁ የምትፈልጉ ወገኖች ካላችሁ፣ ወንጌል ማለት ይህ ነው። እኛ ተሸንፈናል፤ ፈጽሞ ተሸንፈናል። እግዚአብሔር ግን ከሰማይ ሆኖ “ተሸነፉ” ብሎ ፊቱን አላዞረም። ልጁ ሥጋ ለብሶ ወደ ሜዳችን ገባ። በደላችንን “የእኔ” ብሎ በመስቀል ላይ ተሸከመው፤ ሕይወቱን ደግሞ “የእናንተ” ብሎ ሰጠን። እኛ የሠራነውን እርሱ ወሰደ፣ እርሱ ያደረገውን እኛ ወሰድን። እምነት ማለት ይህን ልውውጥ አሜን ብሎ መቀበል ነው።

በማግስቱ ጠዋት ልጄን ጠራኋት። ለስብከት እንደምዘጋጅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ አፌ ላይ የመጣው ግን አንድ ነገር ብቻ ነው። “ይቅር በይኝ ልጄ። አፍሬብሽ ነበር። ተሸነፍን ማለት ሲገባኝ ተሸነፈች አልኩ።” እሷም አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። እናቷ ከጓዳ ሆና “አሁን ገና ቤቱ ቤት ሆነ” አለች። ወዲያው ሁሉ ተስተካከለ አልላችሁም። ልጄ ለብዙ ቀን ቆጠብ እንዳለች ነበረች። ልብ እንደ መብራት ቆጣሪ በአንድ ጊዜ አይመለስም።

ጥቅምት 25 እሁድ በመድረክ ላይ ቆሜ ጉባኤውንም ይቅርታ ጠየቅኩ። “በዚህ ዓመት 12ኛ ክፍል የተፈተናችሁ ሁሉ፣ ያለፋችሁም ያላለፋችሁም ተነሡ፤ እናንተ የኛ ናችሁ” አልኩ። ያለፉት ሁለቱ ቀድመው ተነሡና ወደ መዘምራኑ ሄደው ከጓደኞቻቸው ጎን ቆሙ። አንድ በአንድ ተነሡ። ልጄ የመጨረሻዋ ነበረች። እልልታው ከበፊቱ እሁድ ይበልጥ ነበር፤ ብዙ እናቶች ተንበርክከው ነበር።

“ታዲያ ልጅዎ አሁን የት ደረሰች?” ብላችሁ ትጠይቁኝ ይሆናል። አልነግራችሁም። መልሱን ብነግራችሁ ይህ ጽሑፍ ወይ የድል ምስክርነት ይሆናል፣ ወይ የሐዘን። ልነግራችሁ የፈለግሁት በውጤቱ ላይ የማይመሠረት ነገር ነው። ልጄ ናት።

ሉሲዎቹም እንደዚያው። ያሸነፈቻቸው ናይጄሪያ ካሜሩንንና ደቡብ አፍሪካን አልፋ ፓሪስ ገባች፤ እዚያ ግን በብራዚል፣ በስፔንና በጃፓን ተሸንፋ ያለ አንድ ነጥብ ተመለሰች። ሁሉም ተራው ሲደርስ ከተሸናፊዎች ገበታ ይቀመጣል። በዚያ ሰዓት ሰው የሚፈልገው ስለ ጨዋታው የሚተነትንለትን አይደለም። “የኔ ነህ፣ የኔ ነሽ” የሚለውን ነው።

ወላጆች ሆይ፣ እስቲ ዛሬ አነጋገራችንን እንመርምር። “ልጅህ” “ልጅሽ” የምንባባለው መቼ ነው? የቤተ ክርስቲያን መሪዎች ሆይ፣ ወደ መድረክ የምንጠራቸው እነማንን ብቻ ነው? የወደቀውን ወንድም “እሱ” ነው የምንለው ወይስ “ወንድማችን”? በአንዲት ፊደል ሰው ከቤት ይወጣል፤ በአንዲት ፊደልም ይመለሳል።

አብረን እንጸልይ።

አባት ሆይ፣ ሳንረባህ የእኔ ስላልከን እናመሰግንሃለን። በልጆቻችንና በወንድሞቻችን ያፈርንበትን ቀን ሁሉ ይቅር በለን። ዛሬ በየቤቱ አንገቱን ደፍቶ የተቀመጠውን ወጣት አስበው፤ “ልጄ” የሚለውን ድምፅህንም አሰማው። እኛም ከአንተ ተምረን እንድንጠራው አፋችንን ክፈት። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ።