የድራማ እንባና የመንደር ለቅሶ

ከምሽቱ አንድ ሰዓት በኋላ በፋሲሎ መንደሮች ውስጥ የሚያልፍ ሰው ከየቤቱ የለቅሶ ድምፅ ይሰማል። ለሠፈሩ እንግዳ የሆነ መንገደኛ መርዶ የገባበት ቤት ይመስለው ይሆናል። ነገሩ ግን ተከታታይ ድራማ ነው። መብራት ያልጠፋ እንደ ሆነ፣ የቤት እመቤቷ የራት ወጧን ጥዳ፣ ከፈረቃ የገባችው ሠራተኛ ጫማዋን አውልቃ፣ ልጆችም ደብተራቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው ሁሉም በአንድነት የሰው እንባ ይመለከታሉ።

እኔም ከተመልካቾቹ አንዷ በመሆኔ ድራማ ማየት ይቅር ለማለት ብዕሬን አላነሣሁም። ቀኑን ሙሉ ስትሠራ የዋለች ሴት ማታ ለአንድ ሰዓት ያህል የምታርፍበት ነገር ብታገኝ የሚያስነቅፋት አይደለም። ላነሣው የፈለግሁት፣ በነዚህ ድራማዎች ውስጥ ሰዎች ሞትን የሚቀበሉበት ሁኔታ ከእውነተኛው ኀዘን ምን ያህል እንደ ራቀና፣ ይህም ወደ ቤታችን ይዞት የሚገባው ነገር ምን እንደ ሆነ ነው።

ተከታታይ ድራማ ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይታዩ ከነበሩት መካከል «ገመና» እና «ሰው ለሰው» ብዙውን ሰው በጊዜ ወደ ቤቱ የሚያስገቡ ነበሩ። አበበ ባልቻ አስናቀን ሆኖ በሚጫወትበት ጊዜ በየሳሎኑ ስንት እርግማን እንደ ወረደበት የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። በ2008 ዓ.ም. ቃና ቴሌቪዥን ሥራ ሲጀምር ደግሞ «ጥቁር ፍቅር»ን የመሰሉ የቱርክ ድራማዎች በአማርኛ ድምፅ እየተተኩ ወደየቤታችን ገቡ። የአገር ውስጥ የጥበብ ባለሙያዎች በዚያን ጊዜ ስለ ባህሉም ስለ ገበያውም ያደረባቸውን ስጋት በይፋ አሰምተው ነበር። ክርክሩ ሳያበቃ እኛ የተዋንያኑን ስም በቃላችን ይዘን ነበር።

በነዚህ ድራማዎች ሞት ሲመጣ ሁኔታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው ማለት ይቻላል። ስልክ ይጠራል። ሴትዮዋ ታነሣለች፤ ትሰማለች፤ በእጅዋ የያዘችው ብርጭቆ ወለሉ ላይ ወድቆ ይከሰከሳል። (ለመርዶ ሲባል የተሰበረው ብርጭቆ ሁሉ ቢሰበሰብ አንድ ሠርግ ባስተናገደ ነበር።) ሙዚቃው ከፍ ይላል፤ ካሜራው ፊቷ ላይ ይደቀናል፤ አንዴ ጮኻ ትወድቃለች። በሚቀጥለው ምሽት ሆስፒታል አልጋ ላይ ስትነቃ ኩሏ አልተበላሸም፣ ጸጉሯም እንደ ተሠራ ነው። ሦስት አራት ክፍል ካለፈ በኋላ ወይ በቀል ፍለጋ ትነሣለች፣ ወይም ሌላ ሰው ወድዳ ትስቃለች። የቀብሩ ሰዎች ጥቁር መነጽር አድርገው መቃብሩ ዳር ቆመው ከመታየታቸው በቀር፣ ጉድጓዱን ማን እንደ ቆፈረ፣ ውኃ ማን እንደ ቀዳ፣ በዚያች ሌሊት ኀዘንተኛዋን ማን አቅፏት እንዳደረ አንድም ነገር አናይም። በአገራችን የሚሠሩትም አልፎ አልፎ ድንኳን ቢያሳዩን፣ ከድንኳኑ ሥር የሚነገረው የውርስና የምሥጢር ወሬ ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት አለው። ካሜራ ዝም ያለ ሰው አይወድም፤ ዝም ያለን ሰው ልብ ለማሳየት ትዕግሥትና ብርቱ ተዋናይ ይጠይቃል። የቱርኮቹ ድራማ በአገሩ ብዙውን ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ያህል የሚታይ ሲሆን፣ ወደ ውጭ ሲሸጥ በአጭር በአጭሩ ይቆራረጣል። እያንዳንዱም ቁራጭ ተመልካቹን ለነገ አንጠልጥሎ የሚያሳድር ጩኸት ያስፈልገዋል። ወደ እኛ ሲደርስ ደግሞ እንባው የኢስታንቡል፣ ሲቃው የአዲስ አበባ ይሆናል። ፊቷ የሚታየው ሴት አንዲት ናት፤ በጠባብ ስቱዲዮ ውስጥ ማይክሮፎን ፊት ቆማ የምታለቅስላት ሌላ ናት። ሥራው ሙያ ነውና አላቃልለውም፤ ኀዘን ግን አይደለም።

ደግሞም የቱርክ እናቶች እንዲህ ያዝናሉ ብለን ብናስብ በድለናቸዋል። በአገራቸው ሰው ሲሞት ጎረቤት ምግብ ሠርቶ ወደ ኀዘንተኛው ቤት ይወስዳል፤ ሐልዋ ተሠርቶ ይታደላል፤ በአርባኛውም ቀን መውሊድ ይነበባል። አርባቸው እንኳ ከእኛ አርባ ጋር ይገጥማል። ድራማው የቆረጠው የእነርሱንም ጎረቤት ነው።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲሁ በዘፈቀደ አይነገርም። በጎጃምም ሆነ በጎንደር በኩል ያደግን እንደምናውቀው፣ መርዶ ብዙውን ጊዜ የሚረዳው ሊነጋጋ ሲል ነው። አስቀድሞ ዘመድና የቅርብ ጎረቤት በምሥጢር ይጠራራል፤ አነጋገር የሚያውቅ ሽማግሌ ይመረጣል፤ የምትረዳው ሴት ማታውን እህል መቅመሷ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕመምተኛ አለመሆኗ ይጣራል። ጩኸቱ ሲነሣ የሚይዟት እጆች በአጠገቧ ናቸው፤ ወገቧን በነጠላ የሚያስሯት፣ ፊቷን እንዳትነጭ እጅዋን የሚይዟት አሉ። ከዚያ እድሩ ድንኳኑን ይተክላል፣ አግዳሚ ወንበሩን ያመጣል። በኀዘን ቤት እሳት አይነድምና እንጀራውም ወጡም ከየጎረቤቱ ይመጣል፤ ንፍሮው ይቀቀላል። አልቃሿ ሙሾ ስታወርድ ሟቹን በስሙ፣ በሙያው፣ በአገሩና በአባቱ እየጠራች ነው፤ የተቀመጠውም ሁሉ የየራሱን ሙት እያስታወሰ አብሮ ያለቅሳል። ይህ ሁሉ ጉድለት የለበትም ማለቴ አይደለም፤ ለተዝካር ተብሎ ዕዳ የገባ ቤተሰብ የማታውቅ አንባቢ የለችም። ሆኖም ማንም ሰው ብቻውን ወለል ላይ እንዲወድቅ አይተውም።

የስልኩ ነገር ግን እውነት ሆኗል። ከጎረቤቶቻችን አንዲቱ ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በተካሄደው የሰሜኑ ጦርነት ልጇን አጥታለች። ወሬው የደረሳት ከቀትር በኋላ፣ ሽሮ ጥዳ ሳለች፣ በተንቀሳቃሽ ስልክ ነበር። አልጮኸችም፣ አልወደቀችም። ድስቱን ከእሳት አወረደች፤ በገመድ ላይ የተሰጣውን ልብስ አስገብታ አጣጠፈች፤ ከዚያም የጎረቤቷን በር አንኳኳች። ለቅሶ ደራሹ ሲመጣ ወንበር እያቀረበች «ተቀመጡ» ትል ነበር። በሁለተኛው ቀን ከሴቶቹ መካከል ሹክሹክታ ተነሣ፤ «እንባ እንኳ አልወጣትም፤ ምን ያለች አንጀተ ደንዳና ናት» የሚል። ይህን ያሉት ወጣቶች ናቸው፤ ክፉ ሰዎችም አይደሉም። ኀዘን ምን እንደሚመስል በየማታው ሲያዩ የከረሙ ናቸው፤ ያዩት ኀዘን ደግሞ ሁልጊዜ ብርጭቆ ይሰብራል። አንዲት አሮጊት ብቻ «ተዉአት፤ እንባዋ ገና መንገድ ላይ ነው» ብለው ዝም አሰኟቸው።

በአምስተኛው ወር ገደማ ገበያ ወርዳ ሳለ መሬት ላይ ከተዘረጉት ጫማዎች መካከል የልጇን ቁጥር አየች። ድንኳኑ ከተነሣ ቆይቷል፤ ወገቧን የሚያስር አልነበረም። የጫማ ነጋዴው ልጅ የራሱን በርጩማ ስቦ አስቀምጧት፣ ገበያተኛው እንዳያያት ጃንጥላውን ጋርዶላት እንደ ቆየ እርስዋ ራሷ አጫውታኛለች።

ልጆችን በሚመለከት ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በድራማ ሞተ የተባለ ሰው ብዙ ጊዜ ይመለሳል፤ ሬሳው አልተገኘም፣ ወይም የተቀበረው ሌላ ሰው ነው። አንዲት የማውቃት እናት አያቱ የሞተችበት የስምንት ዓመት ልጇ «በስንተኛው ክፍል ነው የምትመለሰው?» ብሎ ጠየቃት። ልጁ የቀለደ መስሏት ልትቆጣ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ግን አለመቀለዱን አወቀች። በቀብሩ ቀን ልጆቹ እንዳይረበሹ ተብለው ዘመድ ቤት ተልከው ነበርና አያት ወዴት እንደ ሄደች ያሳየው ሰው አልነበረም። በማግስቱ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ወስዳ መቃብሩን አሳየችው፤ አያቱ እንደማትመለስም በግልጽ ነገረችው። አለቀሰ፤ ከዚያ ወዲያ ስለ ክፍሉ አልጠየቀም። ልጆች አጠገባችን ተቀምጠው የሚያዩ ከሆነ፣ ማስታወቂያው ሲገባ «ይህች ሴት ተዋናይ ናት፤ እውነተኛ ሞት እንዲህ አይደለም» ለማለት ጊዜ ይበቃል።

ደመወዝተኛ ለሆንን ሴቶች የጊዜውም ነገር አለ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወላጅ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያለ ሌላ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ ሦስት የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ቁጥሩ ከሰልስቱ ጋር መግጠሙ መልካም ነው። በአራተኛው ቀን ግን የካርድ መምቻው መኪና ይጠብቃል፤ ከአርባ በኋላም ደጅ የሚመላለሰው ሰው ይቀንሳል። በዚያን ጊዜ ማታ ቤት ውስጥ ከኀዘንተኛዋ ጋር የሚቀረው ቴሌቪዥኑ ብቻ ይሆናል፤ እርሱም ሌሎች ሴቶች በሦስት ምሽት ኀዘናቸውን ሲጨርሱ ያሳያታል።

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠሩ እኅቶች ለዚህ ዘዴ አበጅተዋል። ሐዘን የደረሰባት ባልደረባ እንዳለች ከአርባው ጀምሮ እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይሄዱላታል። ገንዘብ አያዋጡም፤ ቡናና ቆሎ ይዘው ነው። አንድ ቅዳሜ አብሬያቸው ሄጄ ነበር። ባሏ ከሞተ ስምንት ወር የሆናት ሴት ቡናውን እየቆላች ሳለ ድራማው ጀመረ፤ የድራማዋም ሴት እንደ ተለመደው ስልኳን ሰምታ ብርጭቆዋን ጥላ ወደቀች። ባለቤቲቱ ከምጣዱ ቀና ብላ አየቻትና «ምን ታድርግ፣ የሚይዛት ሰው የላት» አለች። ከዚያም ቡናው እንዳያርባት መለስ ብላ መቁላቱን ቀጠለች።